የገዳይ ፊልም ስንቀዳ ምኑን እንቅዳ?

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። አምስት ጓደኛሞች «ሃሎዊን» የተባለውን ፊልም ደጋግመው አይተው፣ በስልክ ካሜራና በአንድ የኤልኢዲ መብራት የ22 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርተዋል። ነጭ የላስቲክ ጭምብል አስመጥተው፣ የዋናውን ፊልም ሙዚቃ አውርደው፣ ስድስት ሰው ገድለው ሲያበቁ ለሰፈሩ ልጆች አሳዩት። ገዳዩ ብቅ ባለ ቁጥር ተመልካቹ ሳቀ። ደሙም ስክሪን ላይ ሮዝ ሆኖ ወጣ። «ትልቁን ፊልም በደንብ ነው የተከተልነው፤ ታዲያ ለምን አላስፈራም? የሚሠራ ቅጂ የሚባል ነገር አለ ወይ? ካለስ እዚሁ ጎጃም ላይ፣ በእጃችን ባለው ዕቃ እንዴት ይሠራል?» ብለዋል።

የሚሠራ ቅጂ አለ። እንዲያውም ስላሸር የሚባለው የፊልም ዓይነት በሙሉ አንዱ ከአንዱ እየቀዳ ያደገ ነው። ፊቱ የማይታይ ገዳይ፣ ከሰው የተነጠሉ ወጣቶች፣ ስለት፣ በመጨረሻም የምትተርፍ አንዲት ልጅ፤ ይህን ቀመር ከሌላ ሳይወስድ የሠራ የለም። «ሃሎዊን» ራሱ ከባዶ አልተነሣም። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» በ1960፣ የቦብ ክላርክ «ብላክ ክሪስማስ» ደግሞ ካናዳ ውስጥ በ1974 ቀድመውታል። ጆን ካርፔንተር በ1978 ፊልሙን ሲሠራ ገዳዩን የሚከታተለውን ሐኪም ስም፣ ሳም ሉሚስን፣ የወሰደው ከ«ሳይኮ» ነው። ዋናዋ ተዋናይ ጄሚ ሊ ከርቲስም በ«ሳይኮ» ሻወር ቤት ውስጥ የምትገደለው የጃኔት ሊ ልጅ ናት። በገዳዩ ዓይን እያየን ወደ ቤት የምንጠጋበት መክፈቻም በ«ብላክ ክሪስማስ» ውስጥ አስቀድሞ ነበር። ስለዚህ መቅዳታችሁ ጥፋት አይደለም። ያልሠራላችሁ በዓይን የሚታየውን ዕቃ ወስዳችሁ ልብ የሚያንጠለጥለውን አሠራር ስለተዋችሁት ነው።

ፊልሙን ሰዓት ይዛችሁ እንደገና እዩት። ርዝመቱ 91 ደቂቃ ነው፤ የሚገደለው ሰው ግን አምስት ብቻ። መክፈቻው ላይ ገዳዩ ማይክል ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ እኅቱን ይገድላል። አድጎ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ካመለጠ በኋላ በዋናዎቹ ወጣቶች ላይ እጁ የሚያርፈው ፊልሙ ከተጋመሰ ወዲያ ነው። ደም የለም ማለት ይቀላል። ያን ሁሉ ጊዜ የሚሞላው የሰውየው መታየትና መሰወር ነው። ዋናዋ ልጅ ሎሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ዳር ካለ የቁጥቋጦ አጥር ጥግ ቆሞ ታየዋለች፤ ጓደኛዋ ሄዳ አጥሩን ስትዞር ማንም የለም። ቤቷ ገብታ በመስኮት ቁልቁል ስትመለከት በተሰጣ ልብስ መሀል ቆሟል፤ መልሳ ስታይ የቀረው ልብሱ ብቻ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የዚያችው ጓደኛዋ የአኒ መኪና ነው። አኒ የመኪናው በር ተቆልፎባት ቁልፍ ልታመጣ ወደ ቤት ትመለሳለች። ስትመጣ በሩ ያለ ቁልፍ ይከፈታል፤ እሷ አላስተዋለችም፣ እኛ ግን አስተውለናል። ገብታ ስትቀመጥ መስተዋቱ ከውስጥ በትንፋሽ ጉም ለብሷል። እሷ ይህ ምን ይሆን ብላ ጣቷን እስክትዘረጋ ድረስ ያለችው ቅጽበት ነች የፊልሙ ልብ።

ተመልካቹ ያውቃል፣ ሎሪ ትጠረጥራለች፣ ጓደኞቿ ምንም አያውቁም። ስክሪፕት ስትጽፉ በእያንዳንዱ ሲን ራስጌ ላይ «ማን ምን ያውቃል?» ብላችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። ሦስቱም እኩል የሚያውቁበት ሲን ካለ ፍርሃት አይወጣውም፤ ወይ ቁረጡት ወይ ለተመልካቹ አንድ ነገር አስቀድማችሁ አሳዩት።

አሁን የእናንተን እንመልከት። በ22 ደቂቃ ስድስት ሰው ማለት አራት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ተመልካቹ የሟቹን ስም እንኳ ሳይይዝ ይሞትበታል፤ ሁለተኛው ሲሞት ሦስተኛውን ይገምታል፤ ግምቱ ሲሳካለት ይስቃል። ሁለተኛው የሳቅ ምክንያት ጭምብሉ ነው። የ«ሃሎዊን» ጭምብል ከሱቅ ሁለት ዶላር በማይሞላ ዋጋ የተገዛ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ከርክ ጭምብል ነበር። የፊልሙ ዲዛይን ባለሙያ ቶሚ ሊ ዋላስ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፋው፣ ጸጉሩን አንጨባረረው፣ ነጭ ቀለም ረጨበትና ፊቱ ምንም ስሜት የማይነበብበት ሆነ። ሰውየው ግን ያንን ለብሶ የሚዞረው ሕፃናት ጭምብል አጥልቀው ከቤት ቤት በሚሄዱበት በሃሎዊን በዓል፣ በኦክቶበር 31 ምሽት ነው። በዚያ ምሽት ጭምብል ያጠለቀ ሰው ማንንም አያስደነግጥም፤ አስፈሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ያንኑ ጭምብል አጥልቆ በደብረ ማርቆስ መንደር ውስጥ የሚሄድ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስነሣው ጥያቄ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ ፍርሃት አይመለስም። የሰው ወርቅ አያደምቅ እንደሚባለው።

ከ«ሃሎዊን» በኋላ የመጡትን ቅጂዎች ለይቶ ማየት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ከ300 ሺህ እስከ 325 ሺህ ዶላር በሚሆን ወጪ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ስላስገባ ገንዘብ ያለው ሁሉ ተነሣ። ሾን ከኒንግሃም «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ»ን የጀመረው ስክሪፕቱ ሳያልቅ ርዕሱን ብቻ በጋዜጣ አስተዋውቆ ነው፤ ከ«ሃሎዊን» መነሣቱንም አልደበቀም። ወደ 550 ሺህ ዶላር ወጥቶበት በ1980 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። ካናዳም በፊልም ላይ የዋለ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ከግብር እንዲቀነስ ትፈቅድ ስለነበር እንዲህ ያለ ፊልም በብዛት ወጣ።

«ፍራይደይ» ከ«ሃሎዊን» ያነሰ ፊልም ነው። ልብ የሚያንጠለጥለው ሳስቷል፤ ሟቾቹ በቁጥር በዝተዋል፤ ገዳይዋንም እስከ መጨረሻው ስለማናገኛት ማን እንደሆነች መገመት አይቻልም። የሠራለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሜካፕ። የሜካፕ ባለሙያው ቶም ሳቪኒ በተዋናዩ በኬቨን ቤከን አንገት ያለፈውን ቀስት የሠራበት መንገድ ዛሬም ትምህርት ነው። የተዋናዩ እውነተኛ ጭንቅላት ከአልጋው ሥር በቀዳዳ ወጥቶ ትራሱ ላይ ያርፋል፤ የምናየው አንገትና ደረት ሰው ሠራሽ ነው፤ ቀስቱ ከሥር በዚያ በሐሰተኛው አንገት ይወጣል። ደሙን የሚገፋው ፓምፕ በቀረጻው መሀል ሲበላሽ ረዳቱ ቱቦውን በአፉ ነፋው፤ ደሙ በዚያ ምክንያት እየተቆራረጠ በመንፈልፈሉ ይበልጥ እውነት መሰለ። ካሜራው አይቆርጥም፤ ጭንቅላቱን የያዘው የገዳይዋ እጅም፣ ጭንቅላቱም፣ ቀስቱም በአንድ ሾት ውስጥ አሉ። እናንተ ስድስቱንም ግድያ በፈጣን ኤዲቲንግ ስለሸፈናችኋቸው አንዱም አልታመነም። አንድ ብቻ ምረጡና በአንድ ያልተቆረጠ ሾት ሥሩት፤ የቀሩትን ከበር ጀርባ አድርጓቸው።

«ፕሮም ናይት»ን (1980) ብዙ ሰው የሚያየው ጄሚ ሊ ከርቲስ ስላለችበት ነው። ለመማር ግን «ቴረር ትሬን»ና «ማይ ብላዲ ቫለንታይን» ይበልጣሉ። በ«ቴረር ትሬን» (1980) ተማሪዎች የአዲስ ዓመት ዋዜማ ድግስ የሚያከብሩት በሚሄድ ባቡር ውስጥ ነው፤ ሁሉም የድግስ ልብስና ጭምብል ለብሰዋል፤ ገዳዩም የገደለውን ሰው ልብስ እየለበሰ ይቀጥላል። ይህ በ«ሃሎዊን» ላይ የተጨመረ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ ጭምብሉን ብታውቀውም ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም። «ማይ ብላዲ ቫለንታይን» (1981) ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ በእውነተኛ የድንጋይ ከሰል ማውጫ የተቀረጸ ነው። ገዳዩ የማዕድን ሠራተኛ ልብስና የጋዝ መከላከያ ጭምብል ያደርጋል፤ መሣሪያው ዶማ ነው። በዚያች ከተማ እንዲህ የለበሰ ሰው ሥራው ላይ ያለ ሰው ነው። ጭምብሉ ከሥራ መጣ፣ ሥራው ከቦታው መጣ፣ ስለዚህ ማንም «ምን ነካው?» አይልም።

መመሪያችሁ ይህ ይሁን፤ ጭምብሉ ለቦታው ባዳ መሆን የለበትም። ጎጃም ውስጥ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል። በጮቄ አካባቢ ብርድ ላይ ጋቢ እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ዱላ ይዞ የሚሄድ ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ይህ ብቻውን አንድ ፊልም ይወጣዋል። ከሁሉ የበለጠ የሚስማማችሁ ግን ንብ አናቢው ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ቱታ፣ ባርኔጣ፣ ፊትን የሚሸፍን ጥቁር መረብ፣ ረጅም ጓንት፣ በእጁ ጭስ ማጨሻና ማር መቁረጫ ቢላዋ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባና ኑግ ሲያብብ ንቡ ይሠራል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል፤ ቆረጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሲመሽ ነው። በሌሊት፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ስለት ይዞ፣ በጭስ ውስጥ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። ጭሱም ከሰውየው ቀድሞ ይታያል። ከቤቱ ጥግ ጭስ ብቻ ሲወጣ ማሳየት ከመኪናው ጉም የለበሰ መስተዋት ጋር አንድ ሥራ ይሠራል። ልብሱን ከአካባቢያችሁ አናቢ ተዋሱ፤ ለምን እንደሆነም በግልጽ ንገሩት።

ከዚህ ቀጥሎ መፍታት ያለባችሁ ጩኸቱን ነው። ሎሪ እየሮጠች የጎረቤት በር ስትደበድብ የበረንዳው መብራት ይበራና መልሶ ይጠፋል፤ ማንም አይወጣም። አሜሪካዊው ተመልካች ይህን ያምናል። ጎጃም ውስጥ ግን አንዲት ልጅ «ኡኡ!» ብላ ማንም ሳይወጣ ከቀረ ተመልካቹ ፊልሙን አያምንም፤ ሰው ዱላውን ይዞ ነው የሚደርስ። ስለዚህ መንደሩን ተዉት። ቀፎዎቹ ከመንደር ርቀው፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ከአንዲት የጠባቂ ጎጆ አጠገብ ይሁኑ። ከማዶ የመንደሩ መብራት ይታይ፤ መሀል ላይ ወንዝ ይኑር። እርዳታ እየታየ አለመድረሱ ፈጽሞ ካለመኖሩ ይከፋል። ኔትወርክ ቆላው ውስጥ ይጠፋል፤ ይህን ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አንዷ ልጅ ስልኳን ከፍ አድርጋ ስትፈልግ አሳዩት፤ በጭንቁ ሰዓት ብትነግሩን ሰበብ ይመስላል። ውሻ ካለም መጮህ አለበት። ካልጮኸ ገዳዩ ውሻው የሚያውቀው የቤት ሰው ነው፤ ይህ ለታሪኩ መፍቻ ጥሩ ፍንጭ ይሆናችኋል።

ጊዜውን ለ20 ደቂቃ ፊልም በዚህ ልክ ክፈሉት። ሟች ከሦስት አይብለጥ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ መክፈቻ። ከዚያ እስከ አሥረኛው ደቂቃ ማንም አይሙት፤ ሰውየው አራት ጊዜ ብቻ ይታይ። በመጀመሪያ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ በቀን፣ ሥራውን ሲሠራ፤ ማንም አይፍራው። ቀጥሎ በ30 ሜትር፣ ሥራውን አቁሞ ወደ ካሜራው ዞሮ። ሦስተኛው ከአጥሩ ወዲያ። አራተኛው ቤት ውስጥ፣ ተመልካቹ ብቻ ሲያየው። የመጀመሪያውን ሞት በሙሉ አሳዩት፤ ሁለተኛውን አታሳዩት፣ ሬሳው ይገኝ፤ ሦስተኛው በመጨረሻው የአምስት ደቂቃ አሳደዳ ውስጥ ይሁን።

ወደ ካሜራው። በስልክ ከሆነ ሁሉንም በእጅ የሚያስተካክል መተግበሪያ ጫኑ። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ አድርጉት፤ የእኛ መብራት ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ ጋር የማይስማማ ፍጥነት ከመረጣችሁ አምፖሉ ምስሉ ላይ መስመር እየሠራ ሊርገበገብ ይችላል። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ጨለማው አሸዋ የተነፋበት ይመስላል። ኋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፉት፤ አውቶማቲክ ከተዋችሁት ነጩ ቱታ በየሾቱ ሰማያዊም ቢጫም ይሆናል። «ሃሎዊን» በሰፊ ፍሬም ነው የተቀረጸው፤ ካሜራማኑ ዲን ካንዲ ሰውየውን ጠርዝ ላይ እያስቀመጠ ዓይናችንን በባዶው ቦታ ያንከራትተዋል። እናንተም 1920 በ1080 ቀርጻችሁ ከላይና ከታች ቆርጣችሁ 1920 በ816 አድርጉት፤ ስትቀርጹም የሚቆረጠውን ቦታ ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ሸፍኑት። የስልክ ካሜራ ሩቁንም ቅርቡንም እኩል ጥርት አድርጎ ስለሚያሳይ ገዳዩን በፎከስ ማደብዘዝ አትችሉም። በእሱ ፈንታ ርቀት፣ ጭስና ጨለማ ተጠቀሙ።

ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣበት ነው። ኤልኢዲውን ከሰውየው ጀርባ፣ ከግንብ ወይም ከዛፍ ግንድ በስተኋላ፣ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ወደ ካሜራው አቅጣጫ አብሩት፤ አምፖሉ ራሱ አይታይ። ከፊት ካበራችሁበት ጭሱ ግራጫ መጋረጃ ይሆናል። በማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ጥሩ ወፍራም ጭስ ይሰጣል፤ ይህን ግን ከቤት ውጭ ብቻ፣ ከሣር ክዳንና ከድርቆሽ ክምር ርቃችሁ፣ ባልዲ ውኃ አጠገብ አስቀምጣችሁ። በዝግ ክፍል ውስጥ ኩበት ማጨስ ሰው ይገድላል። ሕይወት ያለበት ቀፎ አጠገብም አትቅረጹ፤ ንብ በሌሊት መብራት ላይ ይመጣል። ባዶ ቀፎ ተዋሱ።

የምሽት ሾት ካስፈለጋችሁ እኛ አገር ምሽት ቶሎ እንደሚወድቅ አትርሱ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃን 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ልምምዱን ጨርሱ፣ ትራይፖዱ የሚቆምበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አድርጉ፣ በዚያች 20 ደቂቃ ከሦስት ሾት በላይ አታቅዱ።

አንድ ሾት ግን ከ«ሃሎዊን» እንዳለ ብትወስዱ አልቃወምም። መጨረሻው አካባቢ ሎሪ ደክማ በግድግዳው ተደግፋ ትቆማለች፤ ከጎኗ ያለው በር ጨለማ ነው። ከጨለማው ውስጥ ነጩ ፊት ቀስ እያለ ይወጣል። ሰውየው አልተንቀሳቀሰም፤ ካንዲ አንዲት ትንሽ መብራት በዲመር (ብርሃን በሚጨምርና በሚቀንስ መቆጣጠሪያ) ቀስ ብሎ ከፍ አደረጋት እንጂ። በእናንተ ቤት እንዲህ ይሆናል። ልጅቷን ከፍሬሙ ግራ ለካሜራው ቅርብ አድርጉ። ንብ አናቢውን ከበሩ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ አቁሙት። ከጎኑ ትንሽ የሚስተካከል መብራት አድርጉና ከዜሮ ተነሥታችሁ በአምስት ሴኮንድ ውስጥ በጭንቅ እስኪታይ ብቻ ከፍ አድርጉት። መብራቱ መረቡን ከጎን በኩል ካገኘው መረቡ ራሱ ብርሃን ይዞ ፊቱን ሊያጠፋው ይችላል፤ ከኋላ ካገኘው ግን የተዋናዩ አፍንጫና አገጭ ይታያል፣ ምስጢሩም ያልቃል። ለማረጋገጥ ተዋናዩ ፊት ላይ ቀጭን ጥቁር የእግር ስቶኪንግ አጥልቁለት። በዚያ ላይ ማየት ስለሚቸግረው አይሩጥ፤ ለነገሩ ማይክልም አይሮጥም። በዚህ ሾት ላይ ድንገተኛ ሙዚቃ ብትጨምሩ ታበላሹታላችሁ፤ ተመልካቹ ራሱ ያግኘው።

አብዛኛውን በትንሽ መብራት መሥራት ይቻላል። «ቴረር ትሬን»ን የቀረጸው ጆን አልኮት የባቡሩን የኤሌክትሪክ መስመር እንደገና አዘርግቶ፣ ዲመር አስገብቶ፣ በትንንሽ የእጅ ባትሪዎች ጭምር ነው ያበራው። የጠባቂ ጎጆ ውስጥ አንድ ፋኖስና አንድ የእጅ ባትሪ ይበቃችኋል፤ ባትሪውን ፊት ላይ ሳይሆን ነጭ ግድግዳ ላይ አብሩት።

ደሙ ሮዝ የሆነው ውኃው በዝቶ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ሁለት ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውኃ ስኳሩ እስኪሟሟ አፍሉና ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙ። ቀይ የምግብ ቀለም በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የካካዋ ዱቄት በትንሽ ሙቅ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት፤ ብርሃን እንዳያሳልፍ የሚያደርገው እሱ ነው። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ። ነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ አዘንብሉት፤ የሳሳው ጠርዝ ሮዝ ከሆነ ቀለም ይጎድለዋል፣ ቡናማ ከሆነ ካካዋው በዝቷል። የምትፈትኑት በምትቀርጹበት መብራት ሥር፣ በምትቀርጹበት ስልክ ይሁን። የቀይ ሥር ጭማቂ አትጠቀሙ፤ ካሜራ ላይ ሐምራዊ ነው። በርበሬ የገባበት ነገር ደግሞ ከዓይን ጋር አይቀልድም። ለልብስ በሚሆነው ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ብትጨምሩ ሲታጠብ ይቀላል፤ አፍ ውስጥ የሚገባውን ግን ለይታችሁ ያለ ሳሙና አስቀምጡ። ነጭ ቱታው ቀለሙን ስለማይለቅ በተዋሳችሁት ላይ አንዲት ጠብታ እንዳታፈሱ፤ ለደሙ ሾት ከአቡጀዲ የተሰፋ ሁለተኛ ልብስ ይኑራችሁ። ስኳር ስለሆነም ዝንብና ጉንዳን ይወረዋል፤ ልክ ልትቀርጹ ስትሉ እንጂ አስቀድማችሁ አትቀቡ።

ቢላዋው እውነተኛ መሆን የለበትም፣ የደነዘም ቢሆን። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣችሁ ብርማ ቀለም ቀቡት። በቅርብ ለሚታይ ሾት እውነተኛውን ብቻውን፣ ሰው በሌለበት ቅረጹ። የሚያሳምመው ድምፁ ነው፤ ለ«ሳይኮ» የሻወር ሲን ድምፅ የተቀዳው ሜሎን እየተወጋ ነበር። እዚህ ጥሬ ዱባ ወይም ሐብሐብ ይበቃል፤ ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ፣ ብርድ ልብስ በተንጠለጠለበት ክፍል ውስጥ ቅዱት።

ሙዚቃውን በሚመለከት፣ ካርፔንተር ራሱ እንደሚተርከው፣ ፊልሙን ያለ ሙዚቃ ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ ሲያሳያት ምንም አልፈራችም፤ ከዚያ በኋላ ነው በአምስት ምት የሚሄደውን የፒያኖ ዜማ የሠራው። ጎዶሎ ምት ስለሆነ ጆሮ የሚያርፍበትን ቦታ አያገኝም። እናንተ ያንን ዜማ ትታችሁ ሕጉን ውሰዱ። ለምሳሌ በማሲንቆ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ሁለት የተቀራረቡ ድምፆችን መርጣችሁ እጅግ አዝግማችሁ ተጫወቱ። ቅኝቱን ሰው ከሰርግ ዘፈን ጋር ስለሚያያይዘው ባልጠበቀው ቦታ ሲሰማው ይከብደዋል። ከእሱ ሌላ የንብ እምታ፣ ማለትም የመንጋው ጥዝታ፣ አለላችሁ፤ በቀን ከቀፎ ራቅ ብላችሁ ቅዱና ድምፁን በኤዲቲንግ ግማሽ ያህል አወፍሩት። «ፍራይደይ»ን ያቀናበረው ሃሪ ማንፍሬዲኒ ሙዚቃው የሚሰማው ገዳይዋ በእውነት እዚያ ስትኖር ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። እምታውን እንዲሁ አድርጉት። ሰውየው ካለ ይሰማ፣ ባይታይም እንኳ። ከሌለ አይሰማ፣ ልጅቷ የቱንም ያህል ብትደነግጥ። አንድ ጊዜ ለማታለል ብላችሁ ካፈረሳችሁት ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ጆሮውን አያምነውም፤ እናንተም ትልቁን መሣሪያችሁን ታጣላችሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም በጽሑፍ አስታውቁ፤ ለጎረቤትም ንገሩ። ፊቱን ሸፍኖ ስለት የያዘ ሰው በሌሊት ያየ ገበሬ ፊልም ነው ብሎ አይጠብቅም። ሌሊት መንቀሳቀስ የማይቻል ከሆነ የጎጆውን መስኮትና በር በጥቁር ላስቲክ ሸፍናችሁ የውስጡን ሁሉ በቀን ቅረጹ፤ ለውጪው የምሽቷ 20 ደቂቃ ትበቃለች።

የመብቱ ጉዳይ አጭር ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ሐሳብ አይጠበቅም፤ «ጭምብል ያደረገ ገዳይ ወጣቶችን ያሳድዳል» የሚለውን ማንም መሥራት ይችላል። የተቀረጸ ሙዚቃ ግን ይጠበቃል፤ የካርፔንተርን ዜማ ከነቅጂው ዩቲዩብ ላይ ብትጭኑት ድምፁ ሊዘጋ ወይም ቪዲዮው ሊወርድ ይችላል። ለአሁኑ ፊልማችሁ ርዕሱንና የገዳዩን ስም ቀይሩ፣ ሙዚቃውን አውጡ። ከስድስቱ ግድያ ሦስቱን ቆርጣችሁ ጣሉና፣ ጭምብሉ በቅርብ የሚታይባቸውን ሾቶች አስወግዳችሁ በቀረው ላይ የእምታውን ሕግ ሞክሩት። አዲሱን ለመቅረጽ እስከ ጥቅምት ጊዜ አላችሁ።